ተመላሽ የለም

«ልጄ፣ ያንተ ማሽን ጥሩ ነው ይላል። ሬዲዮው ግን አይሰማም።»

ይህን ያሉት ከቡሬ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው። የተናገሩት ለልጃቸው ነው። ልጅየው ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። «ማሽን» የተባለችው ከሞባይል ስልክ የማትበልጥ፣ ኪስ የምትገባ የአንቴና መመርመሪያ ናት፤ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች አንቴና አናላይዘር ይሏታል። አባትና ልጅ በእሷ ነገር ሦስት ሳምንት ተከራከሩ። ልጅ ቁጥር እየጠቀሰ፣ አባት ጆሯቸውን እያስመሰከሩ። በመጨረሻ የረቱት አባት ናቸው።

ወሬው የሽቦ ወሬ ይመስላል። ነውም። ግን በዚህ አገር ሽቦ ከፖለቲካ ርቆ አያውቅም።

መምህሩ አማተር ሬዲዮ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀው ተማሪ ሳለ ነው። ንግድ ያልሆነ፣ የመንግሥት ጣቢያ ያልሆነ፣ ዜጎች ተፈትነው፣ ፈቃድና የጥሪ ስም ተሰጥቷቸው በራሳቸው ጣቢያ ከዓለም ጋር የሚነጋገሩበት ሬዲዮ። ማሰራጫ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲለው ግን፣ ሌላው ሰው ስልክና ጫማ በሚያዝበት ሰዓት እሱ ይቺን አዘዘ። ዘመድየው ያመጣው ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባውም።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ድሮ ለመምህር ደመወዝ የሚታሰብ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት በአማተሮች ዘንድ የታወቀው የአሜሪካኑ ኤም ኤፍ ጄ 259 ነው። አሥር የባትሪ ድንጋይ የሚበላ፣ ጡብ የሚያህል ሣጥን። ማርቲን ጁ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1972 በሚሲሲፒ ግዛት ስታርክቪል ከተማ ያቋቋመው ይህ ኩባንያ በ2024 እዚያ ማምረቱን አቁሟል። የዩክሬኑ ሪግ ኤክስፐርትም ስሙ የተከበረ ነው። ሁለቱም በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ዋጋ ነበራቸው። ነገሩን የገለበጠው አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፤ ናኖ ቪ ኤን ኤ የተባለች ትንሽ መለኪያ ሠርቶ ንድፏን ለሁሉም ክፍት አደረገው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቻይኖች እያባዙ 50 ዶላር አካባቢ ይሸጧት ጀመር። ቡሬ የደረሰችው የዚህች ዘር ናት።

ሥራዋ ይህ ነው። ሬዲዮ ድምፁን ወደ አየር የሚለቀው በአንቴና በኩል ነው። አንቴናው ለተፈለገው ሞገድ በልኩ ካልተቆረጠ፣ ከተላከው ኃይል ከፊሉ አየር ላይ ሳይወጣ በገመዱ ወደ ላኪው ይመለሳል። ተመላሹ ሲበዛ ማሰራጫው ይግላል፤ ከባሰም ይቃጠላል። የድሮ አማተሮች ይህን ለማወቅ ማሰራጫቸውን ከፍተው አየሩን እየረበሹ ይለኩ ነበር። አናላይዘሯ ግን ከአንድ ዋት አሥር ሺህኛ እጅ ገደማ የምትሆን እስትንፋስ ወደ ገመዱ ትልክና የሚመለሰውን ታዳምጣለች። ከዚያ ቁጥር ትሰጣለች። 1 ማለት ተመላሽ የለም፤ ሁሉም ሄዷል። 2 ማለት ከመቶ 11 ተመልሷል። 3 ማለት ከመቶ 25።

ከመለካቷ በፊት ግን ራሷ ትለካለች። ሦስት ትንንሽ መሰኪያዎች አብረዋት ይመጣሉ፤ አንዱ ክፍት፣ አንዱ ዝግ፣ አንዱ 50 ኦም። በየተራ ይሰኩላታል። ክፍት ይህን ይመስላል፣ ዝግ ይህን ይመስላል፣ ልክ የሆነው ይህን ይመስላል ተብላ ትማራለች። ይህን ዘሎ የለካት ሰው የሚያገኘው ቁጥር ቁጥር ይምሰል እንጂ ምንም አይደለም። መምህሩ ሦስቱን መሰኪያዎች በክኒን ብልቃጥ አድርጎ በኪሱ ይዞ ይዞራል።

አንቴናውን የሰቀለው በከተማ ሳይሆን በአባቱ ግቢ ነው። ከተማው ለአጭር ሞገድ አይመችም፤ ቻርጀሩ፣ አምፖሉ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሁሉ ያጉረመርማል። ገጠሩ ጸጥ ያለ ነው። በጋ ላይ ነበር፤ ማሳው ታጭዶ፣ በርበሬው ተለቅሞ ደጅ ላይ ተሰጥቶ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 143 ለሜጋ ኸርዙ ሲካፈል የሽቦው ርዝመት በሜትር ይገኛል። ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ 20 ሜትር ከ14 ሳንቲም ይመጣል። ተራ የቤት መብራት ሽቦ ለካ፣ ለሁለት ቆረጠ፣ መሃሉን ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ አሠረ፣ አንዱን ጫፍ አባቱ ይዘው ከዋንዛው ጋር አሰሩት፣ ሌላውን ከአጥሩ። የዲሽ ገመድ ከመሃሉ ወደ ቤት ወረደ። መገጣጠሚያው በናስትሮ ተጠቀለለ። ይህ ናስትሮ ኋላ ይመጣል።

መሣሪያዋ 6.9 ሜጋ ኸርዝ አለች። ሽቦው ረዝሟል ማለት ነው፤ የላስቲክ ልባስ ያለው ሽቦ ከሒሳቡ አጠር ብሎ መቆረጥ አለበት። ከየጫፉ 28 ሳንቲም ገደማ ተቀነሰ። እንደገና ተለካ፤ 7.1 ላይ ተቀመጠ። ቁጥሩ 1.6 ሆነ። የዲሽ ገመድ 75 ኦም፣ መሣሪያዋ 50 ኦም ስለሆኑ ከዚህ በላይ መጠበቅ ስስት ነው። አባትየው የሆነውን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «አሁን ዜና ይሰማል?»

ተሰማ። የድሮ ሬዲዮናቸው ከገመዱ ጋር ተያያዘና ከአውሮፓ የሚመጣው የማታ የአማርኛ ስርጭት አጠገባቸው እንደተቀመጠ ሰው ተናገረ። የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሞቁ ዕድሜ ሲቀጥሉ ለኖሩ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ ይነሳል። ዜና ለመስማት ይህ ሁሉ መለካት ምን ይሠራል? ለመስማት ማንኛውም ሽቦ ይበቃል። እውነት ነው። መምህሩ አንቴናውን በሳንቲም የለካው ለመስማት አልነበረም። ለማይናገርበት ንግግር ነው ያዘጋጀው።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታም ለረጅም ወራት ሳይመለስ ቆየ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዓለም አቀፍ የዜና ወኪሎች ተናገሩ። ውጭ አገር ያለው የከተማዋ ልጅ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያ ሥራው ስልክ መደወል ነው። የሚያነሳ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። በግዕዝ «የሰላም መንገድ» የተባለች ከተማ በዚያ ክረምት መንገዷም ወሬዋም ተዘግቶ ነበር።

አሁን የሽቦውን ነገር ከዚህ ጋር አያይዙት። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአየር ግን 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ። በመሃል የአባይ በረሃ አለ፣ ተራራ አለ። ዝቅ ብሎ የተሰቀለ የ7 ሜጋ ኸርዝ ሽቦ ሞገዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ይልካል፤ ሞገዱ ከላይኛው የአየር ንጣፍ ተጋጭቶ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ተራራ አያግደውም፤ ገደል አይውጠውም። ምቹ ጊዜ ሲሆን በዙሪያው ያለ 300 እና 400 ኪሎ ሜትር ይሰማዋል። ማማ አይፈልግም፣ ሳተላይት አይፈልግም፤ አንድ የመኪና ባትሪ ይበቃዋል። ሲመሽ ሞገዱን ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ስንት ቁስለኛ እንዳለ፣ የትኛው ድልድይ እንደተዘጋ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ መድኃኒት እንደጨረሰ ለማሳወቅ ሃያ ሜትር ሽቦ ይበቃ ነበር።

የጎደለው ወረቀት ነው።

ኢትዮጵያ በዓለም የሬዲዮ ሰዎች ዘንድ ስም የሌላት አገር አይደለችም። ኢ ቲ የሚለው የጥሪ መነሻ የእሷ ነው፤ 9 ኢ እና 9 ኤፍም ተመድበውላታል። በንጉሡ ዘመን አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩ አሜሪካውያን በአማተር ሬዲዮ ከአገራቸው ጋር ያወሩ ነበር። በደርግ ጊዜ ነገሩ ጸጥ አለ። ዛሬ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ጣቢያ አለው፤ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። ተማሪዎች እዚያ ይሠለጥናሉ። የዓለም አማተሮች «ኢትዮጵያን አገኘሁ» ብለው የሚደሰቱት በአብዛኛው ይህን ጣቢያ ሲያገኙ ነው። ከዚያ ግቢ ውጭ፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ወይም ነቀምቴ ላይ በቤቱ ፈቃድ ያለው ጣቢያ የተከለ ዜጋ ፈልጎ ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ሌላ አስገራሚ ነገር አለ። ከ7000 እስከ 7200 ኪሎ ኸርዝ ያለው በእኛ የዓለም ክፍል የአማተሮች ሰፈር ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት የታወቀበት 7110 ኪሎ ኸርዝ እዚያው መሃል ይገኛል፤ የውጭ አማተሮች «ሰፈራችን ገባ» እያሉ ሲያመለክቱበት ኖረዋል። የመንግሥት ጣቢያ ከአማተሮች ሰፈር ይናገራል፤ የአገሩ አማተሮች ግን ከራሳቸው ሰፈር የሉም።

መንግሥት የሚፈራበት ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። ጦርነት ባለበት አገር ሬዲዮ መሣሪያ ነው፤ ይህን መካድ ከእውነት መሸሽ ነው። ግን የአማተር ሬዲዮ ሕግ ምን እንደሚል ማየት ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ የአማተር ንግግር ትርጉሙን ለመደበቅ በምስጢር ቃል አይነገርም። ተናጋሪው የጥሪ ስሙን መናገር አለበት። ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ለምስጢር የማይመች ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ሊያሴር የፈለገ ሰው ስሙን እየጠራ፣ አገር እየሰማው አያሴርም። ከ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1148 ወዲህ ሞገድ የሚመድብና ፈቃድ የሚሰጥ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። ለየዞኑ ከተማ አንድ አንድ የታወቀ፣ የተፈተነ፣ ስሙ የተመዘገበ አማተር መፍቀድ አገር አያናጋም።

የሕንዷን የአንዳማን ደሴቶች ነገር ለሚጠራጠር ሰው መንገር ጥሩ ነው። እዚያም ለጸጥታ ሲባል እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ለአማተር ፈቃድ አይሰጥም ነበር። ባራቲ ፕራሳድ የተባለች ሴት ዓመታት ደጅ ጠንታ በ2004 መጨረሻ ፈቃድ አገኘችና ከጓደኞቿ ጋር ፖርት ብሌር ገብታ አንቴናዋን ተከለች። ታኅሣሥ ወር ነበር፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 26 ሱናሚው መጣ። ስልክ ሁሉ ተቆረጠ። ለመዝናኛ ተብሎ የተፈቀደው ጣቢያ የደሴቶቹ አፍ ሆነ። ፈቃዱ አንድ ወር ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሽቦ ሻንጣ ውስጥ ነበር።

የእኛው መምህር ፈቃድ የለውም፤ ስለዚህ አይናገርም። በዚህ ግትር ነው። «ማን ያውቅብሃል?» ላሉት ጓደኞቹ መልሱ «ሞገድ እኮ ጥላ የለውም፤ ሁሉ ያየዋል» የሚል ነው። መለካት ግን ይችላል። ስለዚህ ይለካል።

መለካትም ቢሆን ከጣጣ አያመልጥም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄድ አንድ ኬላ ላይ ቦርሳው ተፈተሸ። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ከኋላው ሰልፍ አለ፣ ፀሐይ አለ። መሣሪያዋን አገላብጦ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአንቴና መለኪያ ነው።»

«የዲሽ ነው?»

ዲሽ የሚያስተካክሉ ልጆች ሁሉ እንዲህ ያለች ባለ ስክሪን መፈለጊያ ይይዛሉ፤ ጥያቄው ልክ ነበር። መምህሩ ስለ አጭር ሞገድ፣ ስለ አምስት ኪሎ፣ ስለ 7.1 ሜጋ ኸርዝ ሊያስረዳ አፉን ከፈተና ሰልፉን አየ። «አዎ፣ እንደዚያው ነው» አለ። ታለፈ። ያቺ «እንደዚያው ነው» ግን ውሸት ሳትሆን ውሸት ሆና ለብዙ ቀን አንጀቱ ውስጥ ተቀመጠች። ሕግ ያልጣሰ ሰው እንደ ጣሰ ሰው መልስ ሰጠ። ፈቃድ ያለው ሰው የሚይዘው ወረቀት ሥራው ይህ ነበር፤ እውነቱን በአጭሩ መናገር መቻል።

ጎረቤትም ጠይቋል። «ይህ ሽቦ ለምንድን ነው?» አባትየው «ለዜና» አሉ፤ በቃ። እናትየው በበኩላቸው ዝቅ ያለውን ጫፍ ልብስ ማስጫ አድርገውት ነበርና ጥርጣሬው በዚያው ቀለለ። (እርጥብ ነጠላ የተሰጣ ቀን ቁጥሩ ይበላሻል፤ ይህም በመምህሩ ደብተር ተመዝግቧል።)

ከዚያ ክረምት ገባ።

የምዕራብ ጎጃም ክረምት የዋዛ አይደለም። ነጎድጓዱ ከጮቄ እስከ ብር ሸለቆ ይንከባለላል። አባትየው ደመና ሲያዩ ገመዱን ከሬዲዮው ነቅለው ከደጅ ይጥሉታል፤ ማንም አላስተማራቸውም፣ መብረቅ ሽቦ እንደሚወድ ያውቃሉ። መምህሩ በየሳምንቱ መጨረሻ እየመጣ ይለካል። ሰኔ ላይ 1.6። ሐምሌ አጋማሽ 1.4። ነሐሴ መግቢያ 1.2። ቁጥሩ ሳይነካ እየተሻሻለ ሄደ። መሬቱ ሲርስ አንቴና ትንሽ ይለወጣል፤ መምህሩ በዚያ አሳበበና ተደሰተ። 1.2 ማለት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ተመላሽ ማለት ነው። ለጓደኞቹ ፎቶ አንስቶ አሳየ።

«ልጄ፣ ያንተ ማሽን ጥሩ ነው ይላል። ሬዲዮው ግን አይሰማም» የተባለው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ነው አለ። ከቡሬ አዲስ ገዝቶ መጣ። አልተሻለም። ቀጥሎ የፀሐይና የላይኛው አየር ነገር ነው ብሎ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። አባት አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አላመኑም። በሦስተኛው ሳምንት ማታ፣ ዜናው እንደ ንብ ሲጉረመርም፣ አዛውንቱ ተነስተው የልጃቸውን ገመድ ከሬዲዮው ነቀሉት። ሬዲዮው በራሱ በሚሳበው ትንሽ ዘንግ ብቻ ቀረ። ድምፁም ከቅድሙ ተሻለ።

ልጅየው ዝም አለ። ሃያ ሜትር በሳንቲም የተለካ አንቴና ከአንድ ክንድ ዘንግ ሲያንስ ቆሞ ሰማ።

በነጋታው መሰላል ተደገፈ። ወጥቶ አንቴናውን ከገመዱ ላይ ፈትቶ ነጠለው። ታች ያለው የእህቱ ልጅ ቁጥሩን እንዲያነብለት መሣሪያዋን ይዟል። አሁን ገመዱ ጫፉ ክፍት ነው፤ ምንም አልተሰካበትም። የተላከው ሁሉ መመለስ፣ ቁጥሩም ሰማይ መንካት አለበት።

«ስንት ይላል?»

«አንድ ነጥብ ሦስት።»

«ደግመህ እይ።»

«አንድ ነጥብ ሦስት ነው፣ አጎቴ።»

አንቴና በሌለበት አንቴናው ጥሩ ነው ትላለች። ናስትሮው ሲፈታ ውኃ ጠብ አለ። ዝናቡ በመገጣጠሚያው ገብቶ ገመዱ ውስጥ ቁልቁል ወርዷል፤ ልባሱ ሲላጥ ብሩህ የነበረው ጥልፍ ሽቦ እንደ አመድ ነጭ ዱቄት ሆኗል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከተላከው አሥር እጅ ዘጠኙ በበሰበሰው ገመድ ውስጥ እየቀረ አንዱ ብቻ ጫፍ ይደርሳል። ያ አንዱ ሲመለስ ደግሞ ከእሱም አሥር እጅ ዘጠኙ በመንገድ ይቀራል። ላኪው ጋ የሚደርሰው ከመቶ አንድ ነው። መሣሪያዋ ይህን አይታ «ተመላሽ የለም» ትላለች። ቁጥሩ 1.2። ፍጹም ከሆነ አንቴና የሚመጣውም ቁጥር ያው ነው። ሁሉን ወደ ሰማይ ያደረሰ አንቴናና ሁሉን በመንገድ የዋጠ ገመድ ስክሪኑ ላይ አንድ መልክ አላቸው። እንዲያውም ገመዱ በበሰበሰ መጠን ቁጥሩ ያምራል።

መሣሪያዋ አልዋሸችም። የተጠየቀችው ስንት ተመለሰ ነው፤ የተጠየቀችውን መለሰች። ስንት ደረሰ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቋትም አታውቅም። ያንን የሚያውቀው ወዲያ ማዶ ያለው ሰሚ ብቻ ነው።

የገጠር ቀበሌ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳይነገረው ይገባዋል። «ጥያቄ ያለው?» ይባላል። ዝም። «ቅሬታ ያለው?» ዝም። ቃለ ጉባኤው ላይ ቅሬታ አልቀረበም ተብሎ ይጻፋል። ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ይልካል፤ በየደረጃው የተረፈችውም ጥቂት ትቀነሳለች። ከላይ ሲደርስ ቁጥሩ 1.2 ነው። ማዳበሪያው ደርሷል፣ ሕዝቡ ተረጋግቷል፣ ተመላሽ የለም። ኢንተርኔት ሲዘጋም እንደዚያው ነው። ጩኸቱ ከስክሪኑ ይጠፋል፤ መረጋጋት ተባለ። የአካባቢው ሰው ግን ሬዲዮውን ነቅሎ በራሱ ዘንግ ያዳምጥ ነበር፤ ከገበያ የሚመለስ እግረኛ፣ ከነቀምቴ መንገድ የሚመጣ ሹፌር፣ ለቅሶ የደረሰ ዘመድ።

በእርግጥ አማተሮችም ከዚህ በሽታ ነፃ አይደሉም። ሁለት ጣቢያዎች ሲገናኙ እንዴት እንደተሰማሙ በቁጥር ይነጋገራሉ፤ ጥርት ብሎ በኃይል የመጣ ድምፅ 59 ይባላል። በውድድር ጊዜ ግን ሁሉም ለሁሉም 59 ይሰጣል። «59 ነህ፣ እባክህ የጥሪ ስምህን አልሰማሁትም፣ ድገምልኝ» የሚለው ቀልዳቸው ነው። ሪፖርት ከሰሚ ሲመጣም ሰሚው ለመናገር ካልደፈረ ወይም ካልታገሰ ዋጋ የለውም። አዛውንቱ ገበሬ የተለዩት ለዚህ ነው፤ የልጃቸውን ማሽን ማስደሰት አላስፈለጋቸውም።

አዲስ ገመድ ተገዛ። ይህኛው ጫፉ በናስትሮ ብቻ ሳይሆን በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጣሪያ ተሠራለት፤ ከመገጣጠሚያው በታችም ውኃው ቤት ሳይገባ እንዲንጠባጠብ ገመዱ ቁልቁል ጎበጥ ተደረገ። መስከረም ላይ ተለካ። 1.7። ከሰኔውም የባሰ። መምህሩ ቁጥሩን ሲያይ ትንሽ ቅር አለው፤ 1.2ን ለጓደኞቹ አሳይቶ ነበርና። ሬዲዮው ግን በረታ።

ማሰራጫው ዛሬም የለም፤ ወረቀቱም የለም። ሽቦው ዋንዛው ላይ አለ። የመምህሩ ደብተር ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ መስመሩ ተለውጧል፤ ድሮ አንድ ዓምድ የነበረው ሁለት ሆኗል። አንዱ ላይ «ማሽን»፣ ሌላው ላይ «አባባ» ተብሎ ተጽፏል። ማታ ማታ ይደውልና ይጠይቃል፤ መስመር ካለ።

«አባባ፣ ዛሬስ እንዴት ነው የሚሰማው?»

የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው እንዲህ ይላል። ሐሙስ። ማሽን፦ 1.7። አባባ፦ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ዜናው ግን ደግ አይደለም።